ቀልድ ፎቅ ሲወጣ

በብስኩት ፋብሪካው ውስጥ ፍንጭት ያልሠራችበት ቦታ ቢኖር የዘበኛው ጎጆ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን አንድ ቀን ዘበኛው ምሳ ሊበላ ዞር ሲል ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ስኳር የጫነ መኪና አስገብታለች ይባላል። ገና ከትምህርት ቤት እንደወጣች ማሸጊያ ክፍል ተቀጠረች። ከማሸጊያ ወደ ፈረቃ መዝጋቢነት፣ ከዚያ ወደ ፈረቃ አለቃነት፣ ማታ ማታ እየተማረች ደግሞ ወደ ጥራት ቁጥጥር፣ ከጥራት ወደ ሽያጭ፣ ከሽያጭ ወደ ምክትል ሥራ አስኪያጅነት ወጣች። ስትወጣ ታዲያ እንደ አንዳንዱ ሰው በሌላው ትከሻ ላይ ተረማምዳ አልነበረም። በሳቅ ነው የወጣችው። የፊት ጥርሶቿ መሃል ያለው ክፍተት እየታየ ስትስቅ የተኮሳተረ ሁሉ ይፈታል፤ ቅጽል ስሟም የወጣላት ከዚያው ነው። የተበላሸ ማሽን አጠገብ ትቀልዳለች፣ የተቆጣ ደንበኛ ፊት ትቀልዳለች፣ ጭነት ያዘገየ ሾፌር ላይ ትቀልዳለች፤ ሰዉም ስቆ ሲያበቃ ሥራውን ይሠራል። ስለ አመራር ያሠለጠኗት ሰዎች ብዙ ነገር ነግረዋታል። እውነቱን ለመናገር ግን ከቀልድ ሌላ የምታውቀው ዘዴ አልነበራትም።

ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆና የተሾመች ዕለት ማሸጊያ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። አዲሱ ቢሮዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰፊ ጠረጴዛ፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ ከመስኮቱ ሥር የጭነት መኪኖቹ የሚሰለፉበት ግቢ። የቫኒላው ሽታ እስከዚያ ድረስ ይደርሳል፤ የሰዉ ጫጫታ ግን አይደርስም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ጸጥታ ክብር መስሏት ነበር።

ክብር የመሰላት ሌላም ነገር ነበር። የተናገረችው ሁሉ ወዲያው ይፈጸማል። አንድ ቀን ኮሪደሩን ስታልፍ፣ የግድግዳው ቀለም እንቅልፍ ያመጣል አለች። በሳምንቱ ስትመጣ ኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር ብርቱካናማ ሆኖ ጠበቃት። ዓይኗን ቢወጋትም የጥገና ክፍሉን ትጋት አደነቀች። ሌላ ቀን ደግሞ ስብሰባ ላይ፣ ሰኞ ጠዋት የእናንተን ፊት ከማይ ጥርሴን ብነቀል ይሻለኛል ብላ ቀለደች። የሳቀ ሰው አልነበረም። የሰኞው ስብሰባ ግን ወደ ማክሰኞ ተዛወረ። ለምን ብላ ስትጠይቅ እንደዚያ ይሻላል ተብሎ ነው አሏት፤ እሷም አመነች። ማታ ቤቷ ገብታ፣ ሠራተኞቼ እኮ ሐሳቤን ገና ከአፌ ላይ ነው የሚነጥቁኝ እያለች ለባሏ ጉራዋን ነዛችበት። ባሏ የሒሳብ መምህር ነው። የተማሪዎቹን ፈተና ከሚያርምበት ቀና ሳይል፣ እሱም እሷ ያለችውን ሁሉ ቢፈጽም ኖሮ ይህ ቤት እስካሁን ሦስት ጊዜ ፈርሶ ሦስት ጊዜ ይሠራ እንደነበር ነገራት። ሳቀች እንጂ ልብ አላለችውም። ሰው ሲመቸው ልብ የሚለው ነገር ጥቂት ነው።

ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ጋሽ ፊሽካ የሚባሉ አንድ አንጋፋ የፈረቃ አለቃ ነበሩ። የፈረቃ መለወጫው ደወል ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል። እስኪጠገን ብለው ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው ማፏጨት ጀመሩ፤ ደወሉም ሳይጠገን፣ እሳቸውም ሳይተዉ ቀሩ። ፉጨታቸው ከማሽኑ ድምፅ በላይ ይሰማል። እሳቸው ሲያፏጩ የጨረሰው ይወጣል፣ ተረኛው ይገባል፤ ሰዓቱን የሚያይ የለም። ፍንጭትን ማሸጊያ ላይ የተቀበሏት፣ ካርቶን አስተጣጠፍ ያሳዩዋት፣ መዝጋቢ ካልሆነች ብለው ፎቅ ድረስ ወጥተው የተሟገቱላት እሳቸው ናቸው። አሁን የጡረታ ዕድሜያቸው ካለፈ ቆይቷል። በየዓመቱ ኮንትራታቸው እየታደሰ ነው የሚሠሩት።

ሹመቷ ሁለት ወር ሊሞላው ሲል የቦርድ አባላት ፋብሪካውን ሊጎበኙ መጡ። ፍንጭት ከፊት ከፊት እየሄደች ታስጎበኛለች፤ ከኋላዋ የሰው ኃይል ኃላፊው ይከተላል። ይህ ሰው ክራቫቱን ማጥበቅ የሚያበዛ፣ ቃሉን በማንኪያ እየለካ የሚያወጣ ወጣት ነው። ማሸጊያ ክፍል ሲደርሱ የፈረቃ ሰዓት ሆነና ያ ፉጨት ጣሪያውን ነቀነቀው። ከእንግዶቹ አንዱ ደንግጦ ኮፍያውን ያዘ። ፍንጭት ደስታዋ ገንፍሎ፣ "እንዴ፣ ጋሽ ፊሽካ አሁንም አሉ? እኔ እኮ ጡረታ ወጥተው የልጅ ልጅ የሚያጫውቱ መስሎኝ!" አለችና ሳቀች። ያሰበችውስ ጠርታቸው በዚያው ቀልድ ለእንግዶቹ ልታስተዋውቃቸው ነበር። እሳቸው ግን በወዲያኛው ጥግ ነበሩ፤ እንግዶቹም ምድጃውን ለማየት ተጣደፉ። ሳታስተዋውቃቸው አለፈች፤ ወደ ኋላዋም ዞራ አላየችም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ፣ ስብሰባው ስለተነሳላት ጊዜ አገኘችና ወደ ማሸጊያ ክፍል ወረደች። ድሮ በዚያ በር ስትገባ ተረቡ ከዚህም ከዚያም ይወረወርባት ነበር። ዛሬ የሚሰማው የካርቶን መታጠፍ ብቻ ነው። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይሠራል። እስቲ ጋሽ ፊሽካን ላናድዳቸው ብላ በዓይኗ ስትፈልጋቸው ከራሷ በላይ የኤሌክትሪክ ደወል አምባረቀ። ክው ብላ ቀረች። ፈረቃው ያለ አንዳች ድምፅ ተነሥቶ ወጣ፤ ሌላው ገባ።

ከተረኞቹ መካከል ድሮ ከጎኗ ቆማ ታሽግ የነበረችውን ጓደኛዋን አየች። ምላሷ መቀስ የሆነ፣ አለቃ የሚባል ፍጥረት የማትፈራ ሴት ነች። ጠጋ ብላ ጋሽ ፊሽካ የት እንደሄዱ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ መጀመሪያ በእጇ የያዘችውን ካርቶን አጥፋ ጨረሰች።

"ዓርብ ተሰናበቱ።"

"ማን ነው ያሰናበታቸው?"

"እርስዎ ነዎት አሉን።"

ይህች ሴት አንድ ቀን እንኳ እርስዎ ብላት አታውቅም። ፍንጭት ዙሪያዋን ብታይ የሁሉም ዓይን ካርቶኑ ላይ ነው። ምን እያሰቡ እንደሆነ ወዲያው ገባት። ጋሽ ፊሽካን ያባረረች ሴት እኛንማ መቼ ታስቀረናለች ብለው ነው። ፊቷ ጋለ፤ ደረጃውን እየዘለለች ወጣች።

የሰው ኃይል ኃላፊው ስትገባ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላት። ፈገግ ብሎ ነበር፤ ምስጋና የጠበቀ ይመስላል። ጋሽ ፊሽካን ማን አሰናብት እንዳለው ስትጠይቀው ፈገግታው ሳይጠፋ "እርስዎ ነዎት እንጂ" አላት። ከዚያም ነገሩን ከሥሩ አስረዳት። እንግዶቹ ፊት የተናገረችውን እሱ ከኋላ ሆኖ ሰምቷል። ሽማግሌውን ሳታስቀይም፣ የራሷንም አፍ ሳታበላሽ፣ እንዲህ በሳቅ አዋዝታ ሐሳቧን ማስተላለፏ አስደንቆት ለሚስቱ ሳይቀር አውርቶላታል። ኮንትራታቸው ዓርብ ዕለት ስላለቀ አላደሰውም። ስንብቱ የተፈጸመው በክብር ነው። ደወሉንም በአንድ ቀን አስጠግኖታል።

"ቀልዴን ነበር እኮ" አለች ፍንጭት። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

ሰውዬው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"ለምንድን ነው ታዲያ ያልጠየቅከኝ?"

ክራቫቱን ሲያጠብቅ እንጂ ሲያላላ ታይቶ የማያውቅ ሰው ክራቫቱን አላላ። "እንዲህ ማለትዎ ነው ወይ ብዬ ብጠይቅ ያልገባው ሰው እመስላለሁ ብዬ ፈራሁ" አለ። "እዚህ ፎቅ ላይ ደግሞ ያልገባው ሰው ሲቆይ አላየሁም።"

ደሟ ፈላ። እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለ ልታባርረው አፏን ከፈተች። ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ይህ ሰው ይህንንም ቃል ሳይውል ሳያድር እንደሚፈጽመው፣ የራሱን መሰናበቻ አዘጋጅቶ ይፈርሙልኝ ብሎ እንደሚያመጣላት ታያት። ሊያስቃት ሲገባ አስፈራት።

"ኮሪደሩንስ?" አለችው።

"እንቅልፍ ያመጣል ብለው አልነበር?"

"ሰኞስ? ስብሰባውስ?"

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ፍንጭት ግንባሯን በሁለት እጇ ያዘች። ሁለት ወር ሙሉ ትጋት እያለች ስታደንቀው የኖረችው ነገር ፍርሃት ኖሯል። እሷ እንደ ልማዷ ስታወራ ሰዎቹ እየተራወጡ ግድግዳ ሲቀቡ፣ ቀን ሲያዛውሩ፣ ሽማግሌ ሲያሰናብቱ ከርመዋል።

በመጨረሻ ጋሽ ፊሽካ ሲነገራቸው ምን እንዳሉ ጠየቀችው። ኃላፊው ሊደብቃት አልሞከረም። "አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁኝ። 'እሷ ናት ያለችው?' አሉኝ። አዎ አልኳቸው። 'እንግዲያው ደግ' ብለው ፔርሙሳቸውን ይዘው ወጡ።"

ቢቆጡ፣ ቢሳደቡ፣ ፎቅ ድረስ ወጥተው በሯን ቢደበድቡ ይሻላት ነበር። አምነዋል ማለት ነው። እሷን የሚያውቁ ሰው፣ ከማንም በላይ የሚያውቋት ሰው፣ ታደርገዋለች ብለው አምነዋል። ይህን ሳታስተካክል ያ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ተመልሳ እንደማትቀመጥ ለራሷ ምላ ቦርሳዋን አነሣች።

የመሥሪያ ቤቱን መኪና አልወሰደችም፤ ሾፌሩ ደግሞ ከዚህ ምን ትርጉም ያወጣ ይሆን ብላ ፈራች። በአውቶቡስ ሄደች። የጋሽ ፊሽካ ቤት ከአውቶቡሶቹ ጋራዥ ጀርባ፣ ጎማ የሚጠግኑ ሱቆች በተደረደሩበት መንገድ ላይ ካለ አሮጌ አፓርታማ ውስጥ ነው። የደረጃው መደገፊያ ይወዛወዛል፤ በየበረንዳው ልብስ ተሰጥቷል። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታጠና መጥታለች። ደንበኞች ፊት፣ ባንኮች ፊት፣ ቦርድ ፊት ቆማ ተናግራ ታውቃለች፤ እግሯ እንዲህ ተሳስሮባት ግን አያውቅም። በሩን ስታንኳኳ ባይከፍቱልኝስ የሚል ሐሳብ መጣባት።

የከፈቱላት ባለቤታቸው ናቸው። ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ጋሼ አሉ ወይ ብላ ጠየቀች።

"ሥራ ሄደዋል እንዳልልሽ ሥራ የላቸውም" አሉ ሴትዮዋ። "የት ይሄዳሉ ብለሽ ነው።"

ጋሽ ፊሽካ ወጥ ቤቱ ውስጥ የቁም ሣጥን ማጠፊያ እየፈቱ ነበር። ከዓርብ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያልፈቱት ነገር የለም፤ የተበላሸውን ጠግነው ሲጨርሱ ወደ ደህናው ዞረዋል። ሲያዩዋት ብሎን መፍቻውን አስቀምጠው፣ ጉልበታቸውን ተደግፈው ብድግ አሉላት። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ደህና ዋሉ አሏት። አሽሙር አልነበረም፤ ከልባቸው ነው። ፍንጭትን የሰበራት ይህ ነው።

"ኧረ በሞቴ ይቀመጡ!"

"አለቃ ቆሞ እንዴት ብዬ ነው የምቀመጠው?"

ያጠናችው ሁሉ ከጭንቅላቷ በነነ። "እኔ አላልኩም፤ ጋሼ፣ እኔ አላልኩም" ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ከዚያ እያነባች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ አንዱን ካንዱ እያምታታች ነገረቻቸው። እንግዶቹን፣ ፉጨቱን፣ ምን ልትል አስባ ምን እንዳለች፣ ኮሪደሩን፣ ሰኞን፣ ክራቫታሙን። ሽማግሌው ቁጭ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው አዳመጧት።

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ ስትጨርስ። "ጡረታ የወጡ መስሎኝ ብለሽ ቀለድሽብኝ?"

"አዎ።"

"ልጁ ደግሞ ይሄን ሰምቶ፣ ሮጦ ሄዶ ጡረታ አወጣኝ?"

"አዎ።"

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ሳቃቸው መጣ፤ ከዚያ የሚያቆመው ጠፋ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸውና ባለቤታቸው እየሮጡ መጥተው ጀርባቸውን መታ መታ አደረጓቸው። "ሰማሽ?" አሏቸው፣ እንባቸውን እየጠረጉ። "አላባረረችኝም እኮ! ቀልዳብኝ ነው!" ሴትዮዋ በመጡበት ፍጥነት ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ተመስገን አሉ፤ ወዲያው ደግሞ መዳፋቸውን አንሥተው፣ ከዓርብ ጀምሮ እህል በወጉ አልቀመሱም፣ እኔንም አላስተኙኝም፣ ይሄ ልጅ የሚባለው ክራቫታም ቤቴ ቢመጣ በመጥረጊያ ነው የማባርረው እያሉ ወረዱበት። ፍንጭት ስድቡን እንደ ሙዚቃ አዳመጠችው። ከደረቷ ላይ ድንጋይ የተነሣላት ያህል ቀለላት፤ ከጠዋት ጀምሮ በደንብ እንዳልተነፈሰች ያወቀችው አሁን ነው።

"ሥራውስ ሥራ ነው፤ አንድ ቀን መቅረቱ አይቀርም" አሉ ጋሽ ፊሽካ። "እኔን ያቃጠለኝ እሱ አይደለም። ጋሼ ይበቃዎታል ለማለት ሰው መላክሽ ነው። ያሳደግኳት ልጅ ፊቴን ማየት ፈራች ብዬ ነው።"

ነገ ጠዋት ተመልሰው ይግቡልኝ፣ ሰዉ ሁሉ እየጠበቀዎት ነው አለቻቸው። ሽማግሌው ባለቤታቸውን አዩ። ባለቤታቸው ጣሪያውን አዩ። ጋሽ ፊሽካ ጆሯቸውን አከኩ፣ ብሎን መፍቻውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት።

"አትቀየሚኝም?" አሉ። "እኔ እንኳ አልመለስም።"

ከዚያ የሆዳቸውን ዘረገፉት። ጉልበታቸው ማመም ከጀመረ ቆይቷል። በየዓመቱ ኮንትራቱ ሲመጣ አሁንስ በቃኝ ለማለት ይነሡና፣ ጥለውን ሄዱ ይሉኛል ብለው እያፈሩ ይፈርማሉ። ዘንድሮ ደግሞ እሷ ተሾመች። በአዲስ ሹመቷ ላይ ጣጣ አልጨምርባትም ብለው ቻሉት። ከዓርብ ወዲህ ልባቸው ቢያዝንም ጉልበታቸው ግን ታርቋቸዋል፤ ደረጃውን ሳይቆሙ መውጣት ጀምረዋል። ባለቤታቸው ከጎን ሆነው፣ እኔ ስንት ጊዜ ተናገርኩ እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

"ለምን ለእኔ አልነገሩኝም?" አለች ፍንጭት።

"ፈርቼሽ ነዋ።"

"እርስዎ? እኔን?"

"ይኸውልሽ ልጄ፣ አንቺ ያው ነሽ። ወንበሩ ነው ድምፅሽን የሚያጎላው። ታች ሆነሽ ስትቀልጂ ሰው ይስቃል። ላይ ሆነሽ ስትቀልጂ ሰው እስክሪብቶ ያወጣል።" ትንሽ አሰቡ። "ታች ማሽኑ ላይ ቀይ ቁልፍ አለ። ስህተት ያየ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ይጫነዋል፤ ማሽኑ ይቆማል። አንቺ ጋ ማን አለ እንደዚያ የሚያቆም?"

ማንም እንደሌለ ነገረቻቸው። ክራቫታሙን ልጅ ለምን አታስተምሪውም አሏት። እሱ ጥላውን የሚፈራ ሰው ነው ብላ ተከራከረች። ጋሽ ፊሽካ ግን ልጁ ቢፈራም አልዋሸሽም፣ ስትጠይቂው አንድ ሳያስቀር ነግሮሻል፣ እንዲህ ያለ ሰው ከየትም አታመጪም አሏት። በዚህ ግን አልተስማማችም። ቅዳሜ መጥተው በወጉ ሊሰናበቱ ተቃጠሩ። ስትወጣ ባለቤታቸው እስከ ደረጃው ሸኟት፤ መደገፊያው ይነቃነቃል ተጠንቀቂ አሏት።

አውቶቡሱን ትታ በእግሯ ተጓዘች። ቤቷ ስትገባ እራት እስኪቀርብ መታገሥ አቅቷት ከድስቱ ጀመረች። ባሏ ምን ተገኘ ብሎ ሲጠይቃት፣ ጋሽ ፊሽካ እምቢ አሉኝ አለችው፣ አፏ እንደሞላ፣ እየሳቀች። እምቢ ተብሎ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቶ እንደማያውቅ ነገራት።

ቅዳሜ ሁለቱም ፈረቃ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ተሰበሰበ። ጋሽ ፊሽካ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባለቤታቸውን ከጎን አድርገው ቆመዋል። የሰው ኃይል ኃላፊው ግድግዳው ጥግ ተለጥፎ ላቡን ይጠርጋል። ስሜን ታነሣው ይሆን እያለ ልቡ እንደሚመታ ከሩቅ ያስታውቃል። ፍንጭት ካርቶን የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ ላይ ወጣችና ነገሩን ሳትሸፋፍን ተናገረች። የሱን ስም አላነሣችም። ባለማሰብ የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ማንንም ጋሼን አሰናብቱ አላልኩም፣ ቢሆንም ጥፋቱ የሌላ ሰው አይደለም አለች። እሳቸው አሁን የሚሄዱትም ራሳቸው ፈልገው፣ ለጉልበታቸው ሲሉ ነው፤ ካላመናችሁ ጠይቋቸው አለች። ጋሽ ፊሽካም እውነት ነው፣ ይልቅ ደወሉን እንዳታስነቅሉት፣ ከተነቀለ እኔን እንደገና ይጠሩኛል አሉ።

ምላሷ መቀስ የሆነችው ሴት ከወደ ኋላ፣ "ኮሪደሩንስ ማን ነው እንደዚያ ያስቀባው?" አለች።

"እኔው ነኝ። እንቅልፍ ያመጣል ብዬ" አለች ፍንጭት።

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። ሁለት ወር የታፈነ ሳቅ ነበር። ሳቁ ሲበርድ የምድጃው ሠራተኛ እጁን አወጣ። በግራ በኩል ያለው ማቃጠያ ከተበላሸ ሰንብቷል፣ ብስኩቱ በአንድ ጎን እየከሰለ እየለቀምን ነው የምንጥለው አለ። ለምን እስካሁን ዝም እንዳለ ስትጠይቀው፣ እንግዶቹ ፊት ምድጃችን ኩራታችን ነው ስላልሽ ታሟል ማለት ከበደን አላት። ሌላው ቀጠለ፤ የጓንቱን ማለቅ፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ የሻይ ክፍሉን በር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ሁሉ ችግር በአንድ ትንፋሽ የሰማ አለቃ ራሱን ይይዛል። እሷ ግን አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሲያበቁ ጋሽ ፊሽካ ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ለመጨረሻ ጊዜ አፏጩ፤ በባለቤታቸው ክንድ ተደግፈው ሲወጡ ሰዉ እስከ በሩ አጀባቸው። ፍንጭት አለቀሰች፤ ሲያለቅሱ ያየቻቸውም ብዙ ነበሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት የሰው ኃይል ኃላፊውን ቢሮዋ አስጠራችው። የጋሽ ፊሽካ ቦታ ክፍት ነው። ማንን እንደምታስቀምጥበት አስባ ጨርሳለች፤ ያቺን የድሮ ጓደኛዋን። ሥራውን ታውቃለች፣ ሰው አትፈራም፣ ደግሞም ለዚያ ሁሉ ዝምታ ካሳ ይሆናል። እንዲህ ሆኖ ዕርቁ ይሞላል ብላ ደስ ብሏታል። "ከሰኞ ጀምሮ የፈረቃ አለቃ እሷ ናት" አለችው። "ደብዳቤዋን ዛሬውኑ አውጣላት። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ትእዛዝ ነው።"

ሰውዬው እንደ ልማዱ እሺ ብሎ ብድግ አለ። በሩ ጋ ደረሰ፤ እጀታውን ያዘ፤ ግን አልወጣም።

"አይሆንም" አለ።

"ምን አልክ?"

ዞረ። ፊቱ ወረቀት መስሏል። "አይሆንም። ቦታው ማስታወቂያ ሊወጣለት ይገባል። ከሌላኛው ፈረቃ ሦስት ሰዎች ለዓመታት ሲጠብቁት ነበር፤ አንደኛው ጋሽ ፊሽካ በማይኖሩበት ቀን ሁሉ ሲተካቸው የኖረ ነው። እሷም ትወዳደር፤ ታሸንፍ ይሆናል። እንዲሁ ከሰጠናት ግን የሥራ አስኪያጇ ጓደኛ እየተባለች ነው የምትኖረው። እርስዎ ቢቆጡም አልጽፍም።"

ተቆጣች። አልዋሽም፣ ተቆጣች። ሁለት ወር እሺ ሲባል የኖረ ጆሮ አይሆንምን ሲሰማ እንደ ስድብ ነው የሚያመው። ልትጮህበት ከወንበሯ ተነሣች። ያን ጊዜ እጁን አየችው። የበሩን እጀታ እንደያዘ ይንቀጠቀጣል፤ እጀታውም አብሮት ይንኳኳል። ይህ ጥላውን የሚፈራ ሰው እየፈራ ነው የሚናገረው። የተናገረውን መልሳ ብታስበው ደግሞ ከላይ እስከ ታች ልክ ነው። ደብዳቤውን አስወጥታ ቢሆን ኖሮ ጓደኛዋን ነበር ገደል የምትከታት፤ የሚያስጥላትም ሰው አልነበረም። አሁን አለ። ቁጣዋ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ወጥቶ ሄደ። ተመልሳ ተቀመጠች።

"እሺ" አለችው። "ማስታወቂያውን አውጣ።"

ኃላፊው ከዚህ በኋላ ምን እንደሚባል ያሰበበት አይመስልም፤ ትንሽ ቆሞ ራሱን ነቀነቀና በሩን ዘግቶ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሆኖ በረጅሙ እፎይ ሲል ሰማችው። እሷም ወንበሯ ላይ ሆና እፎይ አለች።